ኩርባን የሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ከተራራ መንገድ እስከ ወንዝ ዳር እርሻ

የዓባይን በረሃ ወይም የሊማሊሞን ዳገት ያቋረጠ ሰው ስለ መንገዱ ቢጠየቅ «ጠመዝማዛ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሰሚውም ይረዳዋል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ኩርባ፣ መታጠፊያ፣ እጥፋት፣ ጥምዝና ቆልማማ የሚሉ ቃላት አሉት። እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ኩርባው ቅርጽ፣ እንደ ሹልነቱና እንደሚገኝበት ቦታ ስሙን ይለያያል። አንዱ ቃል ቀስ ብሎ የሚዞርን መንገድ፣ ሌላው ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚመለስን፣ ሌላው ደግሞ በሜዳ ላይ የሚቅበዘበዝን ወንዝ ያመለክታል።

እነዚህ ቃላት ዛሬ ከመዝገበ ቃላት ወጥተው ወደ ዕለት ኑሮ ገብተዋል። የእጅ ስልክ ካርታ ለሾፌሩ አቅጣጫ የሚነግረው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የጂኦግራፊ ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የወንዝ ኩርባን ስም በዚያው ቋንቋ ያገኘዋል። ወደ ውጭ ሀገር ሄዶ መሪ የሚጨብጥ ወገንም የመንገድ ምልክቱን በጊዜ አንብቦ መረዳት ይጠበቅበታል። በሹል ኩርባ ላይ አንድን ቃል አለመረዳት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አራቱ መሠረታዊ ቃላት

በመጀመሪያ የሚመጡት ቤንድ፣ ከርቭ፣ ተርን እና ኮርነር ናቸው። አራቱም መዞርን ቢያመለክቱም አመጣጣቸውም አገልግሎታቸውም ይለያያል።

ቤንድ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ማሰር ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል። በጥንት ዘመን ቀስትን በጅማት አስሮ መለጠጥን ይገልጽ ነበር። ቀስት ሲለጠጥ እንጨቱ ስለሚጎብጥ፣ ቃሉ ከጊዜ በኋላ የጎበጠን ነገር ሁሉ፣ መንገድንና ወንዝንም ጭምር፣ መጥሪያ ሆነ። በብሪታንያ እንግሊዝኛ የመንገድ ኩርባ በአብዛኛው የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ከርቭ የመጣው «የጎበጠ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ስብራት ሳይኖረው በዝግታ የሚዞር መስመርን ያሳያል፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተለመደው የመንገድ ኩርባ ስም ይኸው ነው። ከአንዱ የላቲን ሥር የወጣው የጣሊያንኛ ቃል ኩርቫ ሲሆን፣ ከአማርኛው ኩርባ ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን እና ፍሪሲዮን የሚሉት የሾፌር ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣሊያንኛ መሆኑ ይታወቃል።

ተርን መሠረቱ እንጨት ወይም ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት መሣሪያ ነው። ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲንም ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሯል። ዛሬ ከአንድ መንገድ ወደ ሌላው መታጠፍን ይገልጻል። በከተሞቻችን ሾፌሮች ዘንድ የተለመደው «ዩ ተርን» የእንግሊዝኛውን ዩ ፊደል ቅርጽ ይዞ ሙሉ በሙሉ ዞሮ መመለስ ማለት ነው።

ኮርነር ምንጩ የላቲኑ «ቀንድ» ነው። እንደ ቀንድ የሾለ ማዕዘንን፣ የሁለት መንገድ መገናኛ ጠርዝን ወይም የቤት ጥግን ያመለክታል።

በእነዚህ ቃላት ላይ ቅጽሎች ሲጨመሩ ትርጉማቸው ይጠራል። ጀንትል የሚለው ለስላሳና ሰፊ ኩርባን፣ ታይት የሚለው ጠባብ ኩርባን፣ ሻርፕ የሚለው ደግሞ ድንገተኛና ሹል ኩርባን ያሳያል። የስልክ ካርታ «ስላይት ራይት» ሲል በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዘንበልን፣ «ሻርፕ ራይት» ሲል ወደ ቀኝ አጥብቆ መታጠፍን ያዛል። «ብላይንድ ቤንድ» ቃል በቃል «ዕውር ኩርባ» ቢመስልም፣ የሚገልጸው ከወዲያ የሚመጣው ነገር ለዓይን የማይታይበትን ኩርባ ነው።

ከቤት፣ ከእንስሳትና ከአካል የተወሰዱ ስሞች

እንግሊዝኛ ለሹል ኩርባዎች ስም ያወጣው በዙሪያው ከሚገኙ ነገሮች ነው። የኩርባው ስያሜ በአብዛኛው ቅርጹን ራሱን ይናገራል።

ሄርፒን ሴቶች ፀጉራቸውን የሚይዙበት፣ ከመሐል ታጥፎ ሁለት ጫፎቹ ጎን ለጎን የሚቆሙ ቀጭን ሽቦ ነው። መንገድ ሽቅብ ወጥቶ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲታጠፍና የላይኛው ከታችኛው ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ በዚህ ስም ይጠራል። ከኩርባዎች ሁሉ ሹሉ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን ጣሊያን የሚገኘውና እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 የተሠራው የስቴልቪዮ ተራራ መንገድ በአንድ ወገኑ ብቻ 48 እንዲህ ያሉ ኩርባዎች አሉት።

ዶግሌግ የውሻ እግር ማለት ነው። የውሻ የኋላ እግር ቀጥ ብሎ ወርዶ በመሐሉ እንደሚሰበረው ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ በአንድ ቦታ ድንገት ወደ ጎን የሚሰበርን መንገድ ይገልጻል። ኤልቦው ክርን ነው፤ እንደታጠፈ ክንድ የሆነን መንገድ፣ የወንዝ እጥፋትን ወይም የቧንቧ መገጣጠሚያን ይጠሩበታል። ሆርስሹ በፈረስ ኮቴ ሥር የሚመታው ብረት ሲሆን ሰፊና ክፍት የሆነ ግማሽ ክብ ኩርባን ያሳያል። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በአልቱና ከተማ አጠገብ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1854 ለባቡር የተከፈተው ታዋቂ ኩርባ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ዚግዛግ ከፈረንሳይኛ የገባ ሲሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተሰበረ የሚሄድን መስመር ይገልጻል፤ በአማርኛም ተለምዷል። «ኤስ ቤንድ» የእንግሊዝኛውን ኤስ ፊደል የመሰሉ፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ የሚዞሩ ሁለት ተከታታይ ኩርባዎች ናቸው። ሺኬን በፈረንሳይኛ ማታለልንና የማያስፈልግ ክርክር መፍጠርን የሚገልጽ ቃል ነበር። በመኪና እሽቅድድም ሜዳ ላይ ፍጥነት እንዲቀንስ ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥምዝ የዚሁ ቃል ባለቤት ሆነ፤ ዛሬ በመኖሪያ ሰፈር መንገዶችም ላይ ሾፌሮችን ለማቀዝቀዝ ይሠራል።

ስዊችባክ ታሪኩ ከባቡር ጋር የተያያዘ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል በተራራው ጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ይወጣና ይቆማል። ከዚያም የሐዲዱ መቀየሪያ ተዛውሮለት ቀጣዩን ከፍታ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣዋል። በአሜሪካ ቃሉ ከባቡር ወደ ተራራ መንገድና ወደ እግረኛ መንገድ ተሻግሮ፣ እየተመላለሰ የሚወጣን ጠመዝማዛ መንገድ መጥሪያ ሆኗል። በብሪታንያ ግን ከፍና ዝቅ የሚል መንገድንም ይጠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የተከፈተው የመዝናኛ ባቡርም የያዘው ይህንኑ ስም ነበር።

ሼቭሮን በኩርባው ውጫዊ ጠርዝ ላይ በተርታ የሚተከለው ባለ ቀስት ሰሌዳ ስም ነው። ቃሉ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ የቤት ጣሪያ ወራጅን ይገልጽ ነበር፤ ሁለት ወራጆች አናታቸው ላይ ሲጋጠሙ የሚሠሩት ቅርጽ በሰሌዳው ላይ ወደ ጎን ተኝቶ ይታያል። የሾለው ጫፍ መንገዱ የሚዞርበትን አቅጣጫ ይጠቁማል። በሌሊትና በጭጋግ ሾፌሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ይህን ሰሌዳ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ለምን ይጠመዘዛል?

ኩርባ የሚሠራው ዳገቱን ለማርገብ ነው። ለምሳሌ 100 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት በ500 ሜትር አግድም ርቀት ላይ ቀጥ አድርጎ መንገድ ቢወጣበት፣ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ለተጫነ መኪና እጅግ ከባድ ነው። ያው ከፍታ መንገዱ እየተመላለሰ 1,250 ሜትር እንዲረዝም ተደርጎ ቢወጣ ግን በየ100 ሜትሩ የሚጨምረው 8 ሜትር ብቻ ይሆናል። በምልክት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው 8 በመቶ ወይም 10 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው። አህያ ጭኖ ተራራ የሚወጣ ገበሬ እንስሳውን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን እያዟዟረ የሚነዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሀገራችን ይህ ጥበብ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ነው። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮም ያንኑ ያህል ይወጣል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን በገደል ጎን ላይ በተደራረቡ ሹል ኩርባዎቹ ይታወቃል። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከላይ የተዘረዘሩት የእንግሊዝኛ ስሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ቦታቸውን ያገኛሉ።

በሁለት ኩርባዎች መካከል እግረኛውና ከብቱ የሚያወጡት አቋራጭ ግን ጣጣ አለው። ሣሩ ተረግጦ ሲጠፋ ክረምት ላይ ጎርፍ ያንን መስመር ይዞ ይወርዳል፤ አቋራጩ ቦይ፣ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል። ውሎ አድሮ የመንገዱን ጠርዝና ከታች ያለውን እርሻ ያጎድላል። ስለዚህ አቋራጭን ዘግቶ ሣር ማልበስ መንገዱንም ማሳውንም ያድናል።

ኩርባና ፍጥነት

ኩርባ ላይ መኪናን ወደ ውጭ የሚገፋ የሚመስለው ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ወደ ጎን የሚሰማው ኃይል ከክብደቱ ሰባተኛ ያህል ነው። ያው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢገባ ኃይሉ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ይሆናል። ጭነቱ ወደ ላይ የተከመረ መኪና ደግሞ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል። ኩርባው በጠበበ መጠን ኃይሉ ይበረታል።

ቁልቁለት ላይ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መግባትና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ማርሽን ፈትቶ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ልማድ ብዙ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ተገብቶ ሳይሆን ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። ዓይን በማይደርስበት ኩርባ ላይ መቅደም ፈጽሞ አይገባም፤ ጥሩምባ ማሰማትና የራስን መስመር ይዞ መሄድ ይበጃል።

መኪና ኩርባ ላይ ቢበላሽ ማስጠንቀቂያው የሚቀመጠው ከመኪናው ጀርባ ብቻ ሳይሆን መጪው ሾፌር ኩርባውን ሳይገባ በሚያይበት ርቀት ነው። ለማስጠንቀቂያ የተደረደረ ድንጋይ መኪናው ሲነሣ አብሮ መነሣት አለበት፤ ተረስቶ የቀረ ድንጋይ ሌሊት ላይ ሌላ አደጋ ይፈጥራል።

ከብት ነድቶ በአስፋልት ጠርዝ የሚሄድ ሰው ኩርባ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ቀድሞ ወጥቶ መጪውን መኪና ቢያስጠነቅቅ መልካም ነው። በኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ በተለይ ገደል ወይም ዛፍ በጋረደው ቦታ፣ ቆሞ መኪና መጠበቅ፣ ገበያ መዘርጋት ወይም ልጆችን ማጫወት አደገኛ ነው።

ምልክቱ ሀገር ከሀገር ይለያል

በሀገራችንና በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች የአደገኛ ኩርባ ማስጠንቀቂያ በቀይ በተከበበ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ይሣላል። በአሜሪካ ግን ማስጠንቀቂያው ቢጫ ሲሆን በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። እዚያ ተርን እና ከርቭ በምልክትም ይለያሉ። የተመከረው ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የሚተከለው በማዕዘን የተሰበረ ቀስት ያለው የተርን ምልክት ነው። ከ30 ማይል ሲበልጥ ደግሞ በዝግታ የጎበጠ ቀስት ያለው የከርቭ ምልክት ይተከላል። መንገዱ ከሞላ ጎደል ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የሄርፒን ምልክት አለው።

በምልክቱ ሥር የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው በማይል ነው። 25 የሚል ሰሌዳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ 30 የሚለው ደግሞ ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአሜሪካ በንግድ የጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የፌዴራል ደንቡ በክልሎች መካከል የሚሠራ የንግድ መኪና ሾፌር የመንገድ ምልክትን በእንግሊዝኛ ለመረዳት የሚያበቃ የቋንቋ ችሎታ እንዲኖረው ያዛል። ይህ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በመንገድ ላይ ፍተሻ ይበልጥ ጠብቋል፤ ችሎታው የሌለው ሾፌር ከመንገድ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ የኩርባ ቃላትን ማወቅ ለእነዚህ ወገኖች የደኅንነትም የእንጀራም ጉዳይ ነው።

ወንዝም ይጠመዘዛል

ሚያንደር የሚለው ቃል የአንድ ወንዝ የተጸውዖ ስም ነበር። በዛሬይቱ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል የሚፈስሰውን ወንዝ የጥንት ግሪኮች ማይአንድሮስ ይሉት ነበር፤ ቱርኮች ዛሬ ቡዩክ መንደረስ ይሉታል። ወንዙ በሜዳው ላይ እጅግ እየተጠማዘዘ ስለሚፈስስ ስሙ የወንዝ ጥምዝ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ያለ ዓላማ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰውም በእንግሊዝኛ በዚሁ ግስ ይገለጻል።

ወንዝ በኩርባ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። በውጫዊው ዳር ውኃው ይፈጥናል፣ ይጠልቃል፣ አፈሩንም ከሥር እየቦረቦረ ይንዳል። በውስጠኛው ዳር ግን ውኃው ይዘገያል፤ ያመጣውን አሸዋና ደለል ያራግፋል። እንዲህ እያለ ኩርባው ከዓመት ዓመት ይሰፋል፤ የአንዱ ገበሬ መሬት ሲጎድል ከማዶ ያለው አሸዋ ይጨምራል። ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ ላይ እንዲህ እየተጠማዘዙ የሚፈስሱ ወንዞች ናቸው።

ኩርባው እጅግ ሲጠማዘዝ የሁለቱ ጫፎች መካከል ይጠብባል፤ በጎርፍ ጊዜ ወንዙ ያንን ጠባብ አንገት ሰብሮ አዲስ መንገድ ያበጃል። የተተወው አሮጌ ኩርባ ታጥሮ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ይህ ኩሬ በእንግሊዝኛ «ኦክስቦው ሌክ» ይባላል። ኦክስቦው የበሬን አንገት ከሥር አቅፎ ከቀንበር ጋር የሚያያዝ የጎበጠ እንጨት ነው፤ በእኛ ቀንበር ላይ የማነቂያን ሥራ ይሠራል። ቃሉን በክፍል ውስጥ ለመያዝ የሚቸገር የገበሬ ልጅ የአባቱን ቀንበር ቢያስታውስ ቅርጹ ይገባዋል።

ለወንዝ ዳር ገበሬ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በውጫዊው ዳር እስከ ጠርዙ ማረስ መሬቱን ለወንዙ አሳልፎ መስጠት ነው። ጥቂት ሜትር ትቶ ሥሩ አፈር የሚይዝ ቀርከሃ፣ ሸምበቆ ወይም ቬቲቨር ሣር መትከል ናዳውን ያዘገየዋል። የወንዙን አንገት በጉልበት ቆርጦ ማቅናት መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ ያጠረለት ውኃ ይፈጥናል፣ መቦርቦሩንም ከላይና ከታች ወዳሉ ጎረቤቶች ያዛውራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ባለሙያ ምክርና ያለ ጎረቤት ስምምነት መጀመር የለበትም። ልጆችም ወንዝ ሲሻገሩ የውጫዊው ዳር ጥልቅና ከሥሩ የተቦረቦረ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ከገበሬ፣ ከአናጢና ከቤት እመቤት እጅ የወጡ ናቸው፤ ቀስት፣ ቀንድ፣ ቀንበር፣ ወራጅና የፀጉር መያዣ። እያንዳንዱ ስም ቅርጹን ስለሚናገር፣ ሾፌሩ ገና ከሩቅ ምልክቱን ሲያይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ገበሬውም ወንዙ በሚቀጥለው ክረምት ወደየት እንደሚያዘነብል ያስተውላል።